ማፍላት፣ በረኪና፣ ሳሙና ወይስ አልኮል? ጀርምን በየትኛው እንከላከል

እህቴ ባለፈው ክረምት ከደብረ ማርቆስ ደወለችልኝ። ትንሿ ልጇን ሆዷን አሟታል። "የምትጠጣውን ውሃ ስንት ደቂቃ ላፍላው?" አለችኝ። እኔ ባህር ዳር ነኝ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ በቤተሰቡ ዘንድ የጀርም ጉዳይ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። "እኔ ጋ ቢሆን አንድ ደቂቃ፣ አንቺ ጋ ግን ሦስት" አልኳት። ሳቀች። "ውሃም አገር ይመርጣል እንዴ?"

ይመርጣል። ባህር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ትጠጋለች፤ እዚያ 92 ላይ ይንተከተካል። ጮቄ ተራራ ጫፍ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ 87 እንኳ አይሞላም። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውም ሳይግል ይፈላል። ለዚህ ነው ከ2,000 ሜትር በታች ለሚኖር አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ላለ ደግሞ ሦስት ደቂቃ የሚመከረው። ደቂቃው የሚቆጠረው ውሃው በደንብ ሲገላበጥ ነው እንጂ ድስቱ ዳር ላይ ትንንሽ አረፋ ሲያወጣ አይደለም።

ከዚያ ስልክ በኋላ ጥያቄው አላባራም። ማፍላት ይሻላል በረኪና? ሳሙና ይሻላል ሳኒታይዘር? ወይራ የታጠነ ዕቃ ወተቱን ይጠብቀዋል? ለሁሉም አንድ መልስ ቢኖር ደስ ባለኝ። የለም። መልሱ ሁለት ነገር ላይ ይንጠለጠላል፦ የምንፈራው ጀርም የትኛው ነው? ያለውስ ምን ላይ ነው?

ጀርም ሁሉ አንድ አይደለም

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ረቂቅ ተህዋስያን ሁሉ ጠላት አይደሉም። የእንጀራው እርሾ፣ እርጎው፣ ጠላው የእነሱ ሥራ ነው። በሽታ የሚመጣው ጎጂው ተህዋስ በበቂ ቁጥር፣ በትክክለኛው በር ሰውነታችን ሲገባና ሰውነታችን ሲሸነፍለት ነው።

ቁጥሩ ራሱ ይለያያል። ተቅማጥ ከደም ጋር የሚያመጣው ሽጌላ ከ10 እስከ 100 ባክቴሪያ ከገባ ይበቃዋል። ይህ ጥፍር ሥር የምትቀር እድፍ ላይ ያለ ቁጥር ነው። ኮሌራ ግን ጤነኛ ሰው ለመጣል ብዙውን ጊዜ በሺዎችና በሚሊዮኖች ይፈልጋል። ስለዚህ ኮሌራ ሲባል ቀድሞ ውሃውንና ምግቡን ተጠራጠር፤ ሽጌላ ሲባል ውሃው ጥሩ ቢሆንም እጅ ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛው ልዩነት የመሞት ነገር ነው። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ብንሄድ፣ ታች ያሉት የቅባት ካባ የለበሱ ቫይረሶች ናቸው፦ ኤች አይ ቪ፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮሮና፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ። ሳሙና ያንን ካባ ሲበትነው አለቀላቸው። ከእነሱ በላይ እንደ ኮሌራና ታይፎይድ ያሉ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች አሉ። ቀጥሎ ካባ የሌላቸው ቫይረሶች፣ ለምሳሌ ፖሊዮና ሄፓታይተስ ኤ። ከዚያ እንደ ጃርዲያ ያሉት፣ በጠንካራ ቅርፊት ተጠቅልለው ውሃ ውስጥ የሚቆዩት። ከእነሱም በላይ ሰም የመሰለ ግድግዳ ያለው የቲቢ ባክቴሪያ አለ። ጫፍ ላይ ስፖር ነው። የመንጋጋ ቆልፍና የአባሰንጋ ባክቴሪያዎች ኑሮ ሲከብዳቸው እንደ ደረቅ ዘር ይጠቀለላሉ። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣሉ። የፈላ ውሃ አይበግራቸውም።

ስለዚህ "ጀርም ይገድላል" የሚል ጽሑፍ ስታዩ "የትኛውን?" ብላችሁ ጠይቁ። ማጽዳት ቁጥር ይቀንሳል። ፍሪጅ እድገት ያዘገያል። በረኪና ብዙውን ይገድላል። ማምከን የሚባለው ስፖሩንም ጨምሮ አንድ ሳይቀር ማጥፋት ነው፤ ይህ ደግሞ በወጥ ቤት ድስት አይገኝም።

ውሃ፦ ትልቁ ምርጫ

በኔ ግምት ጎጃም ውስጥ ከማንኛውም በላይ ቤተሰብ የሚያስጨንቀው ይኸው ነው። ከምንጭ የሚቀዳ አለ፣ ከቦኖ የሚቀዳ አለ፣ ቧንቧ እያለው ውሃ በሳምንት ሁለቴ የሚመጣለትም አለ። ሁሉም ቤት ግን አንድ ቢጫ ጀሪካን አይጠፋም።

ማፍላት በጀርም መግደል የሚስተካከለው የለም። ባክቴሪያውን፣ ቫይረሱን፣ አሜባውን፣ ጃርዲያውን ይጨርሳል። ደፍራሽ ውሃም አይበግረውም። ችግሩ ማገዶ ነው። ባህር ዛፍ ያለው ቤት ሌላ ነው፤ ከሰል እየገዛ የሚኖር የከተማ ሰው ግን በቀን 20 ሊትር አፍልቶ አይዘልቀውም። ሁለተኛው ችግር ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። የፈላ ውሃ ጠባቂ የለውም። ቀዝቅዞ ባልዲ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ልጅ ጣሳውን ከእነጣቱ ቢነክረው ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ክሎሪን እዚህ ላይ ይበልጠዋል። ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ የሚሸጠው ውሃ አጋርም ሆነ ተራ በረኪና ውሃው ውስጥ ትንሽ ቀርቶ ይጠብቃል። ጣሳ ቢነከር እንኳ ለተወሰነ ጊዜ ይከላከላል። ርካሽ ነው፣ ማገዶ አይጠይቅም። ድክመቱም አለው፦ ጃርዲያን ለመግደል ይቸገራል፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ጥገኛ ተህዋስ ደግሞ ጨርሶ አይነካውም። ደፍራሽ ውሃ ውስጥ ጉልበቱን ጭቃው ይበላዋል። ሐምሌ ላይ ከወንዝ የተቀዳ ቡናማ ውሃ ላይ ክሎሪን ጠብ ማድረግ ራስን መሸንገል ነው።

አጠቃቀሙን ቀረብ ብለን እንየው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ውሃ አጋር የራሱ ክዳን መለኪያው ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ነገር ግን ያንን የክዳን ልክ ወደ በረኪና እንዳታዞሩት! በረኪና ከእሱ በጣም ይበረታል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ከሚል፣ ሽታና ቀለም ካልተጨመረበት በረኪና ለአንድ ሊትር ጥሩ ውሃ ሁለት ጠብታ ይበቃል። ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ ማለት ነው። 40 ጠብታ መቁጠር ያታክታል፤ እኔ ከፋርማሲ ባለ 5 ሚሊ ሲሪንጅ ገዝቼ መርፌውን ጣልኩና ለዚሁ ብቻ አስቀመጥኩት። ሁለት ሚሊ ስባችሁ ጀሪካኑ ውስጥ ትለቃላችሁ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ታገላብጣላችሁ፣ 30 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ስትከፍቱት ስስ የክሎሪን ሽታ ካለው ሠርቷል። ምንም ካልሸተተ ልኩን ድገሙና ሌላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ፀሐይ ላይ የከረመ፣ ክዳኑ ላልቶ ዓመት የሞላው በረኪና ግን በረኪና አይባልም፤ ጉልበቱ ተኖ አልቋል።

ውሃው ከደፈረሰ ቀድሞ ማጥለል ነው። ሌሊቱን አዝቅጦ ላይ ላዩን በጨርቅ ማጥለል። ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ባንግላዴሽ ውስጥ ሴቶች አሮጌ የሳሪ ጨርቅ አራት ጊዜ አጥፈው ውሃ ሲያጠሉ ኮሌራ በግማሽ ያህል ቀንሶ ነበር፤ ጥናቱ የወጣው በ2003 ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ። ሚስጥሩ የኮሌራ ባክቴሪያ ውሃ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን እንስሳት ላይ ተለጥፎ መኖሩ ነው። እንስሳቱ ጨርቁ ላይ ሲቀሩ እሱም አብሮ ይቀራል። የእኛ ነጠላ ግን ሳሳ ያለ ስለሆነ እጥፉን ማብዛት ነው። በዚያ ላይ ብቻውን አይበቃም፤ ጨርቅ ለክሎሪን መንገድ ይጠርጋል እንጂ አይተካውም።

የፀሐይ ዘዴም አለ። ንጹህ የሃይላንድ ጠርሙስ ጥሩ ውሃ ሞልቶ ቆርቆሮ ላይ ለስድስት ሰዓት ማስተኛት። ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን። ከጥቅምት እስከ የካቲት ለጎጃም ፀሐይ ይሄ ጨዋታ ነው። ክረምት ላይ ግን አትመኑት፣ ያውም ተቅማጥ የሚበዛው በዚያ ወቅት ነው።

የአሸዋና የሸክላ ማጣሪያዎች ባክቴሪያና ጥገኛ ተህዋስያን በደንብ ይይዛሉ፤ ቫይረስ ግን ሾልኮ ያልፋል።

የኔ ፍርድ? ውሃው ጥሩ ከሆነ ለቤተሰቡ ሁሉ ክሎሪን። ጡት ያልጣለ ልጅ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሰውነቱ የደከመ ሰው ካለ ለእነሱ ብቻ ማፍላት። ሁለት ሊትር ማፍላት ማንንም አያከስርም።

እጅ፦ ሳሙና፣ አመድ፣ ሳኒታይዘር፣ አረቄ

እዚህ ብዙ አልቆይም፣ ሳሙና ያሸንፋል። የቅባት ካባ ያላቸውን ይበትናል፣ ሌሎቹን አንሸራትቶ በውሃ ይሸኛል። 20 ሰከንድ መፈተግ ነው፤ አውራ ጣትና የጥፍር ሥር አይረሱ። በ1847 ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ሴመልዌይስ የተባለ ሐኪም፣ ሐኪሞች ከአስከሬን ክፍል ወደ ወላዶች ሲሄዱ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ የወላዶች ሞት አሽቆለቆለ። ያኔ ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ ገና አልተረጋገጠም ነበር። የገዛ ባልደረቦቹ አልሰሙትም።

ሳሙና ከጠፋ አመድ ከባዶ ውሃ ይሻላል፤ ፍትጊያው ራሱ ይረዳል። ሳኒታይዘር እጅ ላይ የሚታይ እድፍ ከሌለ፣ አልኮሉም ቢያንስ 60 በመቶ ከሆነ ይሠራል። ከማሳ ለመጣ፣ ጭቃ ለያዘ እጅ ግን ከንቱ ነው።

በኮሮና ጊዜ ሰው እጁን በአረቄ ሲታሽ አይቻለሁ። ዳግም አረቄ ጠንካራ የሚባለው እንኳ በአብዛኛው 50 በመቶ ሲደርስ ነው። አይበቃም። እንግዲያው 95 በመቶው ከ70ው ይሻላል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ተቃራኒው ነው። አልኮል የጀርሙን ፕሮቲን የሚያበላሸው ውሃ ሲያግዘው ነው። 95ቱ ቶሎ ይተናል፣ ላይ ላዩን አድርቆ ይተወዋል። 70 በመቶ ልኩ ነው። አረቄውን ለሚጠጣው ተዉለት።

ስለ እጅ ከተነሳ ፊትንም አንርሳ። አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በጣት፣ በዝንብና በጋራ ጨርቅ ይተላለፋል። የአንዱን ልጅ ዓይን በነጠላ ጫፍ ጠርጎ በዚያው ጫፍ የሌላውን መጥረግ የእናት ፍቅር ነው፣ በሽታውም የሚሻገረው በእሱ ነው። የልጆችን ፊት በየቀኑ ማጠብ እዚህ ከማንኛውም ኬሚካል ይበልጣል።

ወተት፦ ከእናቴ ጋር ያለን ክርክር

እናቴ የወተት ዕቃዋን በወይራ ታጥናለች። ጭሱ ከቅሉ አፍ ሲወጣ ቤቱ ሁሉ ይሸታል፣ ደስ ይላል። "እማዬ፣ ወተቱን አፍይው እንጂ" ስላት "ወይራ ታጥኖ ምን ይደርስበታል?" ትለኛለች።

ግማሽ እውነት አላት። ጭሱ የዕቃውን ግድግዳ ያደርቃል፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎችንም ያዳክማል። ወተቱ ቶሎ አይበላሽም፣ ጣዕሙም ሌላ ነው። ነገር ግን ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታና የከብት ቲቢ ከላሟ ጡት ከወተቱ ጋር ነው የሚመጡት። ቅሉ ላይ ያለው ጭስ አይደርስባቸውም። እርጎም ቢሆን ጎምዛዛነቱ ብዙዎቹን ያዳክማል እንጂ እነዚህን ጨርሶ ይገድላል ብላችሁ እንዳትተማመኑበት።

ሙቀት ግን ይደርስባቸዋል። በፋብሪካ ወተት ለ15 ሰከንድ 72 ዲግሪ፣ ወይም ለ30 ደቂቃ 63 ዲግሪ ይሞቃል፤ ፓስተራይዝ ማድረግ የሚሉት ይሄን ነው። ስለዚህ የማርቆስ 92 ዲግሪ ከበቂ በላይ ነው። ወተት ሲገነፍል ሁሌ ፈላ ማለት አይደለም፤ አረፋው ይቀድማል። እሳቱን ቀንሶ እያማሰሉ አንድ ሁለት ደቂቃ እንዲንተከተክ መተው ነው።

ከእናቴ ጋር ታረቅን። ዕቃው በወይራ ይታጠናል፣ ወተቱ ይፈላል፣ ቀዝቅዞ እዚያው ይገባል። እርጎውም ከፈላው ወተት ይረጋል፤ ለማርጊያ ከትናንቱ እርጎ አንድ ማንኪያ ትጨምራለች። "ጣዕሙ ትንሽ ተቀይሯል" ማለቷን ግን አልተወችም።

ፍሪጅ ያላችሁ ደግሞ ፍሪጅ አይገድልም። 4 ዲግሪ ላይ እድገታቸው ይንቀረፈፋል እንጂ በሕይወት አሉ። ውጭ ቢሆን ምን ይሆናል? አንዳንድ ባክቴሪያ ሲመቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሽሮው ውስጥ አንድ ቢኖር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው። ቋንጣ ግን ያለ ፍሪጅ ይቆያል። ጨው፣ በርበሬና ድርቀት ውሃ ከልክለውት ባክቴሪያው መራባት አይችልም። አያቶቻችን ማይክሮስኮፕ አልነበራቸውም፣ ዘዴው ግን ገብቷቸዋል።

ምላጭ፣ መቀስ፣ ቁስል

ምላጭን በአልኮል ጠርጎ ለሁለተኛ ሰው መጠቀም የለም። በቃ። እንጥል ለማስቆረጥም ሆነ ለሌላ ነገር ምላጭ በእሳት ለበለብኩት፣ በአረቄ አጠብኩት አይሠራም። የመንጋጋ ቆልፍን ስፖር የሚያጠፋው ጤና ጣቢያ ያለው አውቶክሌቭ ነው። እንፋሎቱን በግፊት አፍኖ 121 ዲግሪ ያደርሰዋል፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያቆየዋል። ከፍታ ላይም ቢሆን ግፊቱ ተጨምሮ እዚያው 121 ይደርሳል። ቤት ውስጥ ያለው ምርጫ አንድ ነው፦ አዲስ ምላጭ፣ ለአንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ። የሕፃን እትብት ላይ ቅቤ መቀባትም ለዚሁ በሽታ በር መክፈት ነው።

ለተራ ቁስል ንጹህ ውሃና ሳሙና ከአልኮል ይሻላል። አልኮል ክፍት ቁስል ላይ ጀርሙን ብቻ አይደለም፣ ሊሽር ያለውን ሥጋም ያቃጥላል።

ውሻ ከነከሰ ግን ሩጡ፣ መጀመሪያ ወደ ውሃ። ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት ያዙ። የእብድ ውሻ ቫይረስ የቅባት ካባ ያለው ነው ብለናል፤ ሳሙና እዚያው በር ላይ ያገኘዋል። ከዚያ በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ሕክምና። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚመልሰው መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል።

ወለልና ሽንት ቤት

ለትውከትና ለተቅማጥ በረኪና ምርጫ የለውም። አንድ እጅ 5 በመቶ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ። መጀመሪያ ቆሻሻውን አንሱ፣ በሳሙና እጠቡ፣ አለቅልቁ፣ ከዚያ በረኪናውን አፍስሳችሁ አሥር ደቂቃ ተዉት። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጭቃ ውሃ ላይ ጠብ እንደተደረገ ክሎሪን ነው፤ ባከነ።

አንድ ነገር በራሴ ደርሶብኛል። ተከራይቼ ስኖር ሽንት ቤቱ ቢጫ ሆኖ ስላስጠላኝ በረኪና አፈሰስኩ፣ አልለቅ ሲል የሽንት ቤት አሲድ ደረብኩበት፣ በሩን ዘግቼ። ዓይኔ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ እያሳልኩ ወጣሁ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው። አቼቶም ሎሚም ያው ነው። ላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆኜ እንዲህ መሥራቴን እህቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ስለ ኪኒን አንድ ቃል

አሞክሳሲሊን ከዚህ ሁሉ ጋር አይወዳደርም። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም፤ አብዛኛው የልጆች ውሃ መሰል ተቅማጥም አይፈልገውም። በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ በ1945 ኖቤል ሲሸለም፣ መድኃኒቱ በአነስተኛ መጠን ከተወሰደ ባክቴሪያው ይለምደዋል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ከጎረቤት የተረፈ ሁለት ፍሬ መዋጥ ማለት ይሄ ነው።

እህቴም የጠየቀችኝ መጨረሻ ላይ ይህንኑ ነበር። "ኪኒን ልስጣት?" አይ። አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ በአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በጥብጪ አልኳት፤ ሦስት ደቂቃ የፈላ፣ ማርቆስ ነሽና። በኩባያ ሳይሆን በማንኪያ፣ ቶሎ ቶሎ። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፊው፣ አዲስ በጥብጪ። ዚንክ ከጤና ጣቢያ ተቀበይ። ደም ካየሽ፣ ዓይኗ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃታት ግን ስልኩን ጣይና ይዘሻት ሩጪ።

"የሁለት ሊትር ሃይላንድ ነው ያለኝ፣ አንድ ሊትሩን በምን ልለካው?" አለች።

"ግማሽ ሊትር የሆነ የውሃ ላስቲክ የለም? በእሱ ሁለቴ።"